ሰርቨሬን ማን አስተኛው? የአንድ ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ትናንት ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቨሩ ተኛ። ክራሽ አላደረገም፣ የስህተት መልእክትም አልተወም። ዝም አለ። ከውጭ የሚገባ ሰው ገጹ ሲሽከረከር ብቻ ነው የሚያየው። እኔ እራት ላይ ስለነበርኩ ያወቅሁት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ገብቼ አጥፍቼ አስነሳሁትና ተነሳ።

ችኮላዬ ግን ጎዳኝ። ሰዎች የሚልኩት ፋይል የሚያርፈው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ ያንን ፎልደር ይጠርጋል። ጥረግ ያልኩትም እኔው ነኝ። እና ያስተኛው ፋይል አሁን የለም።

ለማያውቅ ሰው፦ ፕሮግራሙ በድሮ ፎንት የተጻፈ የዎርድ ፋይል ተቀብሎ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ ይቀይራል። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። ያንን ወደሚነበብ አማርኛ መመለስ ነው ሥራው። ደንበኞቼ ባብዛኛው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ሰርቨሩ ትንሽ ነው፤ 2 ጊጋባይት ራም፣ ሁለት ወርከር (ፋይል ተቀብሎ የሚሠራ የፕሮግራሙ ቅጂ)፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ደግሞ ያረጀ ፓይተን 3.8።

የተረፈኝ ማስረጃ አንድ ግራፍ ነው። ሲፒዩው ከ2፡30 ጀምሮ መቶ በመቶ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

ወዲያው የጠረጠርኩት ሆን ተብሎ የተላከ ፋይል ነው። አገልግሎት የማስተጓጎል ጥቃት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች አንድ ሰርቨር ላይ ሲረባረቡ ነው። ግን አንድ ፋይል ይበቃል። ፋይሉን የሚያነበው ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈውት እኛ የምንገለገልበት ኮድ) ትንሽ ግብዓት ሲሰጡት ብዙ ሥራ የሚሠራ ከሆነ ላኪው ሳንቲም ከፍሎ ተቀባዩን ሺህ ብር ያስከፍለዋል ማለት ነው። ስለዚህ ፋይሉ ከሚገባበት እስከሚወጣበት መንገዱን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዤ ልሄድበት ነው። ከውጭ የመጣ አንድ ባይት እኔ ቤት ሲደርስ ስንት ይሆናል?

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

የመጀመሪያው በር ዚፕ ነው። አዲሱ የዎርድ ፋይል፣ ኦፊስ 2007 ይዞት የመጣው፣ እውነቱን ለመናገር ዚፕ ነው። ውስጡ ብዙ የኤክስኤምኤል ፋይሎች (በምልክት የተከፋፈሉ የጽሑፍ ፋይሎች) አሉ፤ ዋናው ጽሑፍ ያለው በአንዱ ውስጥ ነው። (እዚህ ማስታወሻ ላይ የምጠቅሳቸው የሶፍትዌር ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዚፕ ውስጥ የሚሠራው ዲፍሌት የሚባል መጭመቂያ ቢበዛ 1 ለ1,032 ያህል ይጨምቃል። ሞከርኩት። 1 ጊጋባይት ሙሉ ባዶ ቦታ ጻፍኩና ጨመቅሁት፤ ከ1 ሜጋባይት ትንሽ አለፍ አለ። የእኔ ፕሮግራም እስከ 5 ሜጋባይት ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ሰው ከፈለገ 5 ጊጋባይት ጭኖብኝ መሄድ ይችላል። ራሜ 2 ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። 42 የሚባለው ዚፕ የታወቀ ነው። 42 ኪሎባይት ገደማ ሆኖ፣ ዚፕ በዚፕ ውስጥ ተደራርቦ፣ እስከ መጨረሻው ቢፈታ 4.5 ፔታባይት ይሆናል። በ2019 ደግሞ ዴቪድ ፊፊልድ የሚባል ተመራማሪ መደራረብ ሳያስፈልግ፣ በአንድ ዙር ብቻ፣ 10 ሜጋባይት ፋይል 281 ቴራባይት እንዲሆን አድርጎ አሳይቷል። የእሱ ዘዴ ብዙ ፋይሎች አንዱን የተጨመቀ እምብርት እንዲጋሩ ያደርጋል። እኔ የምከፍተው አንዱን ፋይል ብቻ ስለሆነ እሱ አያሰጋኝም። የተራው ግን ያሰጋኛል።

የድሮው ኮዴ ፋይሉን በአንድ ጉርሻ ነበር የሚውጠው። አሁን በ4 ኪሎባይት ቁራጭ እየፈታ፣ እየቆጠረ፣ 20 ሜጋባይት ሲደርስ በቃኝ ይላል። ዚፑ ራሱ «ስፈታ ይህን ያህል ነኝ» የሚል ቁጥር ይዞ ይመጣል። እሱን አይቼ ልወስን ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ቁጥሩን የጻፈው ላኪው ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሁለተኛው በር ኤክስኤምኤል።

እዚህ የቆየ ቀልድ አለ፤ «ቢሊዮን ሳቅ» ይባላል። ኤክስኤምኤል ውስጥ ኢንቲቲ የሚባል ነገር አለ። ለአንድ ጽሑፍ ቅጽል ስም ትሰጡታላችሁ፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር ጽሑፉ ይተካል። ጣጣው ኢንቲቲ ሌላ ኢንቲቲ መጥራት መቻሉ ነው።

የራሴን የአማርኛ ቅጂ ሠራሁ። የፈረንጆቹ የሚስቀው በሦስት የላቲን ፊደል ነው፤ የእኔ በ«ሃ»። የሚገርመው ሒሳቡ አይለወጥም። አንዲት «ሃ» በዩቲኤፍ-8፣ ዩኒኮድ ፋይል ላይ በሚጻፍበት መንገድ፣ ሦስት ባይት ናት፣ የእነሱም ሦስት ባይት ነው።

መጀመሪያ ኢንቲቲዎቹን «ሳቅ» ብዬ ሰየምኳቸው። ፓርሰሩ (ኤክስኤምኤሉን የሚያነበው ኮድ) እንቢ አለ፤ የማይሆን ምልክት አለበት ብሎ ወረወረው። ይህ የሳምንቱ ትልቁ ቁም ነገር አይደለም፤ ግን ሳልጽፈው ባልፍ ያናድደኛል። የኤክስኤምኤል 1.0 ደንብ በ1998 ሲወጣ ለስም የሚፈቀዱትን ፊደሎች የዘረዘረው ከዩኒኮድ 2.0 ተነስቶ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ በ3.0። አንድ ዓመት ዘግይተን በሩ ተዘጋ። ጽሑፍ ሆነን መግባት እንችላለን፣ ስም መሆን ግን አንችልም። በ2008 የወጣው አምስተኛ እትም አስተካክሎታል። እኔ ሰርቨር ላይ ያለው ፓርሰር ግን በአራተኛው እትም ነው የሚሄደው።

እሺ አልኩና በቁጥር ሰየምኳቸው። _0 ማለት አንዲት ሃ ናት። _1 ደግሞ ይኸው፦

&_0;&_0;&_0;&_0;&_0;&_0;&_0;&_0;&_0;&_0;

አሥር ሃ። _2 አሥር ጊዜ _1ን ይጠራል፤ መቶ ሃ። እንዲህ እያለ _9 ላይ ሲደርስ አንድ ቢሊዮን። ፋይሉ 1 ኪሎባይት አይሞላም። ሲፈታ 3 ጊጋባይት ሳቅ ነው።

እንዲያውም ይብሳል። ፓርሰሩ እያንዳንዷን ሃ ለብቻዋ ነው ለፓይተን የሚያቀብለው። አንዲት የግዕዝ ፊደል ፓይተን 3.8 ውስጥ ብቻዋን ስትቀመጥ ስንት ትይዛለች ብዬ ለካሁ፤ 76 ባይት። ሦስት ባይቷ ለራሷ ቤት ሠርታ፣ አጥር አጥራ ነው የምትቀመጠው። ለመድረሻ አድራሻዋ 8 ሲጨመር አንድ ቢሊዮኑ ከ80 ጊጋባይት ያልፋል።

ላፕቶፔ ላይ በተከለለ ኮንቴይነር ውስጥ ለቀቅሁት። ራሙ ሞላ፣ ሊኑክስ ገደለው። አለቀ።

ፓይተን ለኤክስኤምኤል የሚጠቀምበት ላይብረሪ ኤክስፓት ይባላል። ጄምስ ክላርክ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጻፈው የሲ ኮድ ነው፤ ያልገባበት ሶፍትዌር የለም ማለት ይቻላል። ይህ ድክመቱ ሲቪኢ በሚባለው የሶፍትዌር ድክመቶች መዝገብ ላይ የያዘው መለያ ሲቪኢ-2013-0340 ነው። ቁጥሩ ላይ ያለውን ዓመት ልብ በሉ። ኤክስፓት ራሱ መከላከያ ያበጀው በ2021 ነው፣ በ2.4.0። አሁን የሚሠራበት ዘዴ ያምራል። የገባውንና ተባዝቶ የወጣውን ባይት ያመዛዝናል። ውጤቱ 8 ሜጋባይት እስኪደርስ አይናገርም። ከዚያ በኋላ ብዜቱ ከመቶ እጥፍ ካለፈ ያቆማል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት የጠየቅሁትን ጥያቄ እነሱ ኮድ አድርገው አስገብተውታል። የእኔ ሰርቨር ላይ ያለው 2.2.9 ነው። ማን ያዘምነው!

ለእኔ ግን ከዚህም ቀላል መፍትሔ አለ። ኢንቲቲ የሚታወጀው ዲቲዲ በሚባል የፋይሉ መግቢያ ላይ ነው። የዎርድ ፋይል ደንብ ደግሞ ዲቲዲን ጭራሽ ይከለክላል። ስለዚህ ዲቲዲ ገና ብቅ ሲል ፋይሉን መመለስ ነው። አራት መስመር ኮድ። ሐቀኛ ደንበኛ የሚያጣው ነገር የለም።

ማታ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሳቁ የሚበላው መጀመሪያ ራም ነው። ዓርብ ማታ ራሙ ምን ይመስል ነበር? ግራፉን ከፈትኩ። ራሙ ሰላም ነበር። ሲፒዩ ብቻ ነው የነደደው። ሁለት ቀን ሙሉ ያላደረገውን ነገር ሌባ ብዬ ስከታተል ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሰኞ ሌላ ሥራ ነበረኝ፤ ማታ ደግሞ መብራት ጠፋ።

ዛሬ ሲፒዩ የሚበላ ፈለግሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት የራሴን ጥገና ነው። ቅዳሜ «በ4 ኪሎባይት ቁራጭ» ብዬ የተኩራራሁበትን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓርሰሩ በመካከል የተቆረጠ ነገር ሲደርሰው፣ ለምሳሌ መጨረሻው ያልመጣ አስተያየት (ለሰው የተጻፈ፣ ፕሮግራም የሚዘለው ማስታወሻ) ወይም ያልተዘጋ ጥቅስ ካለ፣ ይጠብቃል። ቀጣዩ ቁራጭ ሲመጣ የድሮ ኤክስፓት ካቆመበት አይቀጥልም፤ ያንን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ያነበዋል። ርዝመቱ 20 ሜጋባይት የሆነ አንድ አስተያየት በ4 ኪሎባይት ቁራጭ ብሰጠው 5,120 ጊዜ ያቋርጠዋል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለውን ደጋግሞ ሲያነብ ድምሩ 50 ጊጋባይት ይሆናል። የጨመቅሁት ፋይል 20 ኪሎባይት ገደማ ነበር።

ይህም መለያ አለው፣ ሲቪኢ-2023-52425። በየካቲት 2024 በወጣው ኤክስፓት 2.6.0 ተስተካክሏል፤ በቂ አዲስ ባይት እስኪጠራቀም ድረስ ደግሞ አያነብም። የእኔ ጥፋት ግን የላይብረሪው ብቻ አይደለም። ራም ልቆጥብ ብዬ ሲፒዩ በገፍ አቀረብኩ። ገደቤ 20 ሜጋባይት ከሆነ ለምን ፈትቼ ጨርሼ አንድ ጊዜ አልሰጠውም? ለዚያ ራም አለኝ። እንዲያ አደረግሁት።

እግረ መንገዴን ሌላም አየሁ። የፊደሉን መጠን ከፋይሉ አንብቤ ወደ ቁጥር እቀይራለሁ። «24» ከሆነ ደግ ነው። ሚሊዮን አኃዝ ያለው ቁጥር ቢሆንስ? ፓይተን ረጅም አኃዝን ወደ ቁጥር ሲለውጥ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ድካሙ አራት እጥፍ ይሆናል። በመስከረም 2022 ነው ከ4,300 አኃዝ በላይ አልቀይርም ማለት የጀመረው፤ ለ3.8ም ጥገናው መጥቷል። የፊደል መጠን ግን ከሦስት አኃዝ በላይ ምን ያደርግለታል? ከለከልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሌባው ተያዘ። ሌባም አይደለም።

ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። ጽሕፈት ቤት ያላቸው፣ ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ አንዷ ናቸው።

«ልጄ፣ ዓርብ ማታ የላክሁት ፋይል እስካሁን አልመጣም እኮ።»

«የቱ ነው እትዬ?»

«የመመረቂያ ጽሑፉ ነዋ! ሦስቴ ላክሁት። እንቢ ሲለኝ ደግሜ፣ ደግሜ።»

ዓርብ ማታ። ሦስቴ። ወርከሮቼ ደግሞ ሁለት። አንዱ ተያዘ፣ ሁለተኛው ተያዘ፣ ሦስተኛው ወረፋ ጠበቀ። ፋይሉን በቴሌግራም ላኩልኝ አልኳቸው።

80 ኪሎባይት። ዲቲዲ የለውም። ሲፈታ አንድ ሜጋባይት አይሞላም። ላፕቶፔ ላይ ስሰጠው ዝም አለ፣ ማራገቢያው መጮኽ ጀመረ። ኤክስኤምኤሉን በሰላም አልፎታል። የቆመው የራሴ ማጽጃ ላይ ነው። ይህቺ መስመር ላይ፦

([፡ ]+)+።

ሬጌክስ ናት፤ ጽሑፍ ውስጥ የሚፈለገውን ነገር ቅርጽ የምትገልጽ ቀመር። ጸሐፊዎች አንዳንዴ ከአራት ነጥብ በፊት ሁለት ነጥብ ወይም ባዶ ቦታ ትተው ይሄዳሉ። ያንን ጠራርጋ እንድታወጣ ነበር የጻፍኳት፣ ከሁለት ዓመት በፊት። ሠርታ ታውቃለች። አሁን የጽሑፉን ማውጫ ልብ በሉ፦

ምዕራፍ ሁለት፡ የጥናቱ ዳራ፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡14

ርዕሱንና የገጹን ቁጥር የሚያገናኘውን መስመር እትዬ የሠሩት ሁለት ነጥቧን ተጭነው ይዘው ነው። አንዳንዱ መስመር ላይ 60 ደርሷል። መጨረሻው ላይ ያለው ግን አራት ነጥብ አይደለም፣ 14 ነው።

ሬጌክሷ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ስታጣ «ምናልባት አከፋፈሌ ነው የተሳሳተው» ብላ እንደገና ትሞክራለች። መደመሪያው (+፣ «አንድ ወይም ከዚያ በላይ» ማለት ነው) ሁለት ቦታ አለ፣ ከውስጥና ከውጭ። ሦስት ነጥብ ቢኖር ሦስቱን ባንዴ መያዝ ትችላለች፤ ወይም ሁለት ከዚያ አንድ፤ ወይም አንድ ከዚያ ሁለት፤ ወይም አንድ አንድ አንድ። አራት መንገድ። አንድ ነጥብ በተጨመረ ቁጥር መንገዱ እጥፍ ይሆናል። በ20 ነጥብ ከ500 ሺህ በላይ ነው፤ ያ ለኮምፒውተር ምንም አይደለም። በ40 ነጥብ ግን በሰከንድ 10 ሚሊዮን ብትሞክር እንኳ ከ15 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በ60 በዚያው ፍጥነት ከ1,800 ዓመት በላይ። የእትዬን ማውጫ ለመጨረስ ከአክሱም ዘመን መጀመር ነበረብኝ።

እጄ ላይ እስኪገባኝ ሞከርኩት። 20 ነጥብ፣ ቁልፉን ሳልለቅ መለሰ። 25፣ ቆም አለ። 30 ላይ ተነስቼ ውሃ ጠጥቼ መጣሁ። 35ን አቋረጥኩት።

የሚያጽናናኝ ብቻዬን አለመሆኔ ነው። ሐምሌ 2 ቀን 2019 ክላውድፍሌር የሚባለው ግዙፍ ኩባንያ ለ27 ደቂቃ ብዙ የዓለም ድረ ገጾችን ይዞ የወደቀው በአንዲት እንዲህ ባለች ሬጌክስ ነው። ሲፒዩዎቹ ሁሉ መቶ በመቶ፣ ልክ እንደ እኔ ግራፍ። በሐምሌ 2016 የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ለ34 ደቂቃ የቆመው ደግሞ አንድ ሰው 20,000 ያህል ባዶ ቦታ በተከታታይ ያለበት ጽሑፍ ስለለጠፈ ነው። የስታክ ኦቨርፍሎዋ ሬጌክስ እንደ እኔዋ በየነጥቡ እጥፍ የምትሆን አልነበረችም። እያንዳንዱ ባዶ ቦታ ላይ እንደ አዲስ እየጀመረች እስከ መጨረሻ ትሄዳለች፤ ተደምሮ 200 ሚሊዮን ገደማ ንጽጽር። እሱም ይበቃል።

ስለዚህ የውጪውን መደመሪያ ማንሳት ብቻ አይበቃኝም፤ የስታክ ኦቨርፍሎውን ችግር ትቶልኛል። የተኩት በዚህ ነው፦

(?<![፡ ])[፡ ]+።

መጀመሪያ ያለው ቅንፍ «ከኋላህ ሌላ ነጥብ ወይም ባዶ ቦታ ካለ አትጀምር» ይላል። ስለዚህ አንድ ረድፍ ነጥብ ላይ የምትጀምረው አንዴ ብቻ ነው፣ ከጫፉ። የእትዬ ፋይል ከአንድ ሰከንድ በታች አለቀ። ለሙከራ 100,000 ነጥብ ደረደርኩላት፤ ምንም አልመሰላት።

ሬጌክስ ስጽፍ እንደ ፓርሰር ቆጥሬው አላውቅም ነበር። እንግዳ ሰው የጻፈውን የሚያነብ ኮድ ሁሉ ፓርሰር ነው፤ ባለሁለት መደመሪያዋን መስመር ደግሞ ከበይነመረብ ያወረድኳት አይደለችም። የእኔው ናት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ከላይብረሪ ወደ ግድግዳ። ነገ ደግሞ ያላሰብኩት በር ይኖራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋይል የሚለወጠው በራሱ ፕሮሰስ ውስጥ ሆነ። ሊኑክስ ለፕሮሰስ ገደብ ማበጀት ይችላል፤ 10 ሰከንድ የሲፒዩ ጊዜ፣ 512 ሜጋባይት ራም ሰጠሁት። ካለፈ ይገደላል፤ ደንበኛው «ፋይሉን መለወጥ አልተቻለም» ይባላል፤ ወርከሩ ይተርፋል። የተገደለው ፋይልም አሁን አይጠረግም፣ ለብቻው ይቀመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ይህ ቢኖረኝ ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ ባልዞርኩ ነበር።

ሁሉንም ክፉ ፋይሎች ለቀቅሁበት። ሳቁ በዲቲዲው ተመለሰ። ባዶ ቦታው 20 ሜጋባይት ላይ ተቆረጠ። የድሮዋን ሬጌክስ መልሼ ሳስገባት በ10 ሰከንድ ተገደለች፤ ጎኗ ያለው ወርከር የሌላ ሰው የሠርግ ጥሪ እየለወጠ ነበር። ከሰዓት ሰርቨሩን አዘመንኩት። ኤክስፓቱ አዲሱ ሆኗል። ገደቡን ግን አላነሳሁም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ማታውን ትንሽ ፋዘር ለቅቄ አደርኩ። ደህና የዎርድ ፋይሎችን ወስዶ ውስጣቸውን እየደገመ፣ እየቀላቀለ፣ እያጎረሰ የሚያድር ነገር ነው። ጠዋት አንድ ብቻ ይዞ ጠበቀኝ፤ ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ውስጥ፣ ከሺህ እርከን በላይ። ሰንጠረዥ የሚያነበው ፈንክሽኔ ራሱን እየጠራ ይወርድ ስለነበር የፓይተንን የ1,000 ጥሪ ገደብ መታ። አልተኛም፣ ስህተት ብቻ መለሰ። በተራ ዙር ተካሁት።

ከሰዓት እትዬ ደወሉ። ፋይሉ ደርሷቸዋል፣ አመስግነዋል፣ ልጁም አትሞ ወስዷል።

«ግን ልጄ፣ ማውጫው ላይ ነጥቡ ሁሉ አራት ነጥብ ሆኗል። አየኸው?»

አላየሁትም ነበር። ከፍቼ አየሁ፤ ምዕራፍ ሁለት፡ የጥናቱ ዳራ።።።።።።።።።።14። ከሬጌክሷ ቀጥሎ፣ ሁለት ነጥብ ሁለቴ ከተደገመ ወደ አራት ነጥብ የምትቀይር መስመር አለች። እሷም የእኔ ናት። እንዲህ ያለ ማውጫ እስከ ዛሬ ደርሷት አያውቅም። ከፊቷ ያለችው አታሳልፍማ።

ለሰኞ ያዝኳት።